ሐረርን የነቀምቴ ጎረቤት ያደረገ ካርታ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲቃረብ ስለ ዝናብና ስለ ሙቀት ካርታ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይበዛብናል። ከድሬዳዋ፣ ከሐረርና ከሐሮማያ የመጡት እርስ በርሳቸው የሚያያዙ ሆነው ስላገኘናቸው ለብቻቸው አቀረብናቸው። የምንጠቅሳቸው ፕሮግራሞች በነፃ የሚወርዱ ናቸው፦ ለካርታ ሥራ ኪውጂአይኤስ፣ የሳተላይትና የሞዴል ፋይል ከፍቶ ለማየት ደግሞ ናሳ የሚያሰራጨው ፓኖፕሊ። የሜኑ ስሞችን እንደ ድምፃቸው በፊደላችን ጽፈናል።

«በዲግሪ የተጻፈ የዘጠኝ ዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች ዝርዝር ኪውጂአይኤስ ላይ ስጭን ነጥቦቹ ባሕር ውስጥ ወጡ። ያንን ትቼ በጂፒኤስ የተለካውን የዩቲኤም ዝርዝር ስጭን ደግሞ የድሬዳዋዎቹ በቦታቸው ተቀመጡ፤ የሐረር ግን ነቀምቴ አካባቢ ወጣ። ፕሮግራሙ ተበላሽቶብኝ ይሆን?»
*የግብርና ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን*

ፕሮግራሙ ደህና ነው፤ የታዘዘውን ነው የሣለው። የገጠመዎት ግን አንድ ሳይሆን ሁለት የተለያየ ችግር ነው።

ባሕር የገቡት ኬክሮስና ኬንትሮስ ስለተገለበጡ ነው። «ላየር» ከሚለው ሜኑ «አድ ላየር»፣ ከዚያ «አድ ዴሊሚትድ ቴክስት ላየር» ሲሉ የሚከፈተው መስኮት «ኤክስ ፊልድ» እና «ዋይ ፊልድ» የትኞቹ እንደሆኑ ይጠይቃል። በአፍ የለመድነው «ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ» በሚል ተራ ስለሆነ እጅ ሳያስበው ለኤክስ ኬክሮስን ይሰጣል። ኤክስ ወደ ጎን የሚሄደው ነው፤ ስለዚህ ኬንትሮስ ነው፤ ለድሬዳዋ 41.85። ዋይ ኬክሮስ ነው፤ 9.60። ሲገለበጡ ድሬዳዋ ከኮርሲካ ደሴት በስተምሥራቅ ሜዲትራኒያን ውስጥ ትወድቃለች።

እዚያው እያሉ አንድ ነገር ይመልከቱ። የቆዩ የጣቢያ ዝርዝሮች ቦታን በዲግሪና በደቂቃ ነው የሚጽፉት። 9 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ማለት 9.36 አይደለም። ደቂቃውን ለ60 ማካፈል አለብዎት፤ 36 ለ60 ሲካፈል 0.6፣ ጠቅላላው 9.60 ይሆናል። 9.36 ብለው ቢያስገቡ ጣቢያው ወደ ደቡብ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ተንሸራቶ ደጋው ላይ ይወጣል። ይህ ስህተት ከባሕሩ ይከፋል፤ ባሕር ላይ የወጣ ነጥብ ወዲያው ያስቃል፣ 27 ኪሎ ሜትር የሳተውን ግን ማንም ሳያየው ሪፖርት ውስጥ ይገባል።

ወደ ነቀምቴው ጉዳይ እንምጣ። ዩቲኤም፣ ማለትም ቦታን በዲግሪ ሳይሆን በሜትር የሚጽፈው ዘዴ፣ ምድርን በየ6 ዲግሪው በዞን ይከፍላል። ዞን 37 ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ዞን 38 ከ42 ይጀምራል። የ42 ዲግሪ መስመር የሚያልፈው በድሬዳዋና በሐረር መካከል ነው። ድሬዳዋ 37 ውስጥ ስትቀር ሐረር በ42.12 ላይ ስላለች 38 ውስጥ ናት፤ የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ግቢም እንዲሁ። ሁሉንም በዞን 37 ሲጭኑ የሐረር ነጥብ 6 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ይዘላል፤ ወደ 660 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የሚያርፈውም ከነቀምቴ በስተሰሜን ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ግድም ነው።

ዝርዝሩ ላይ ዞን ባይጻፍም ከቁጥሩ መለየት ይቻላል። በዞን 37 የተለካ የድሬዳዋ ነጥብ የምሥራቅ ቁጥሩ 814 ሺህ ገደማ ነው፤ በዞን 38 የተለካ የሐረር ነጥብ ደግሞ 184 ሺህ ገደማ። ሠንጠረዡን በዚህ ለሁለት ይክፈሉት። የመጀመሪያውን በኢፒኤስጂ (የካርታ አቆጣጠሮች መለያ ቁጥር) 32637፣ ሁለተኛውን በ32638 ይጫኑ። ቀጥለው ሁለቱንም በ«ሪፕሮጀክት ላየር» ወደ 4326 (ወደ ተራው የዲግሪ አቆጣጠር) ይለውጡና በ«መርጅ ቬክተር ላየርስ» አንድ ያድርጓቸው። «ሴት ላየር ሲአርኤስ» የሚለውን በዚህ ቦታ አይንኩ። እሱ ስያሜውን እንጂ ቁጥሩን አይለውጥም፤ ከረጢቱ ላይ «ስኳር» ብሎ መጻፍ ውስጡ ያለውን ጨው አያጣፍጠውም። ልኬቱ አዲንዳን በሚባለው የቆየ የካርታ መሠረት የተሠራ ከሆነ ቁጥሮቹ 20137 እና 20138 ናቸው። አዲንዳንን እንደ አዲሱ ቆጥሮ መጫን ነጥቡን 200 ሜትር ያህል ያስታል፤ ለዝናብ ካርታ ብዙም አይጎዳም፣ ለድልድይና ለጎርፍ መውረጃ ግን ይጎዳል።

ከመጫንዎ በፊት የመረጃውን ዓምድም ይፈትሹ። ያልተለካ ቀን ላይ ሰረዝ ከተጻፈ ፕሮግራሙ ዓምዱን በሙሉ እንደ ጽሑፍ ሊቆጥረውና ቀለም መስጠት ሊያቅተው ይችላል። 999 ወይም -99 ከተጻፈ ደግሞ እንደ እውነተኛ ዝናብ ይሣለዋል። ያልተለካውን ባዶ ይተዉት። ዜሮ ግን አይጻፉ፤ ዜሮ «ተለክቶ ዝናብ አልነበረም» ማለት ነው።

«የድሬዳዋን፣ የሐረርንና የሌሎች አምስት ጣቢያዎችን አማካይ ሙቀት አስገብቼ በአይዲደብልዩ ካርታ ሠራሁ። ደንገጎ ከሐረር የበለጠ ሞቃት ሆኖ ወጣ! መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይስቅብኛል።»
*የጂኦግራፊ መምህርት፣ ከሐረር*

ደንገጎ ላይ መስኮት ዘግቶ ያለፈ ሁሉ ይስቃል፤ ልክ ነዎት። አይዲደብልዩ፣ ማለትም ያልተለካን ቦታ በዙሪያው ካሉ ጣቢያዎች የሚገምተው ዘዴ፣ የሚያውቀው ርቀትን ብቻ ነው፤ ተራራ አያይም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር፣ ሐረር 1,885 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው የደንገጎ ሸንተረር ከሁለቱም በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ሸንተረሩ ላይ ጣቢያ ካልሰጡት ፕሮግራሙ ሁለቱን ከተሞች አማክሎ ያስቀምጣል።

መፍትሔው ሙቀቱን መጀመሪያ ወደ ባሕር ወለል ማውረድ፣ እዚያ ማዳረስ፣ ከዚያ ወደ ተራራው መመለስ ነው። አየር በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ለምሳሌ የድሬዳዋ 26፣ የሐረር 20 ዲግሪ ቢሆን፦

ለድሬዳዋ 0.0065 በ1,200 ሲባዛ 7.8 ነው፤ 26 ላይ ሲደመር 33.8። ለሐረር 0.0065 በ1,885 ሲባዛ 12.25 ነው፤ 20 ላይ ሲደመር 32.25። አይዲደብልዩን የሚሠሩት በእነዚህ አዲስ ቁጥሮች ላይ ነው። በሁለቱ መካከል 33 ገደማ ይወጣል። አሁን «ራስተር ካልኩሌተር» ከፍተው ከዚህ ላይ 0.0065 በከፍታው ራስተር (በሕዋሳት የተከፋፈለ የቁጥር ካርታ) የተባዛውን ይቀንሱ። 2,100 ሜትር ላይ ላለ ቦታ 13.65 ይቀነሳል፤ ውጤቱ 19.4 ዲግሪ ይሆናል። በቀድሞው መንገድ እዚያው ቦታ 23 ነበር። የ3.6 ዲግሪ ልዩነት በቆሎና ገብስን ይለያል።

ለከፍታ ኤስአርቲኤም የሚባለው ከጠፈር የተለካ የ30 ሜትር መረጃ ይበቃል። እንዳለ ግን አይጠቀሙበት፤ በሰባት ጣቢያ የተሠራ ሙቀት ላይ የ30 ሜትር ዝርዝር ሲጨመር ካርታው ከሚያውቀው በላይ የሚያውቅ ይመስላል። በአማካይ አድርገው ወደ 1 ኪሎ ሜትር ያውርዱት። የሁለቱ ራስተሮች ስፋትና የሕዋስ መጠንም አንድ መሆን አለበት፤ አለዚያ ካልኩሌተሩ ጠርዝ ላይ ባዶ ይተዋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። 6.5 የምትለው ቁጥር ለቀን አማካይ እንጂ ለበጋ ሌሊት ዝቅተኛ ሙቀት አትሠራም። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ሲያርፍ ቀዝቃዛው አየር እንደ ውኃ ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ሜዳው ከኮረብታው ይልቅ ይቀዘቅዛል። ለዝቅተኛ ሙቀት የራስዎን ቁጥር ከጣቢያዎቹ ያውጡ፤ ኤክሴል ላይ «ስሎፕ» የሚለው ቀመር ከፍታንና ሙቀትን ወስዶ ይሰጥዎታል። ሁለተኛው፣ ይህን ዘዴ ለዝናብ እንዳይሞክሩት። ዝናብ ከከፍታ ጋር በቀጥታ መስመር አይሄድም፤ ነፋሱ ከየት በኩል ተራራውን እንደሚመታው ይወስነዋል።

ካርታው ሲያልቅ አንዱን ጣቢያ አውጥተው እንደገና ይሥሩትና በዚያ ጣቢያ ቦታ ላይ የወጣውን ከተለካው ጋር ያስተያዩ። ሰባቱንም በየተራ እንዲህ ያድርጉ፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል። በየጣቢያው ዙሪያ የእንስራ አፍ የመሰለ ክብ ከቀረ ግን ከፍታው በትክክል አልገባም፣ ወይም የአንዱ ጣቢያ ቁጥር የተሳሳተ ነው።

«ከአውሮፓው የኢራ-5 መረጃ የድሬዳዋን አወረድኩ። ሙቀቱ 295፣ ዝናቡ 0.003 ይላል። ኬልቪኑን ብቀይረውም ሙቀቱ ከጣቢያው በጣም ያንሳል። መረጃው ለእኛ ሀገር አይሆንም ማለት ነው?»
*የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ ከሐሮማያ*

ይሆናል። ኢራ-5 ልኬትን ከሞዴል ጋር አጣምሮ ያለፈውን የአየር ሁኔታ የሚያሰላ መረጃ ነው። ከ295 ላይ 273.15 ይቀንሱ፤ 21.85 ዲግሪ ነው። ዝናቡ በሜትር ስለሆነ በ1,000 ያባዙት፤ 3 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ወርኃዊ አማካይ ፋይል ከሆነ ያወረዱት፣ ቁጥሩ የአንድ ቀን ድርሻ ነው። የወሩን ድምር ለማግኘት በወሩ ቀናት ብዛትም ማባዛት አለብዎት፤ ለኦገስት በ1,000 ከዚያም በ31። ይህን የረሳ ተማሪ «በክረምት 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ዘነበ» ብሎ ይጽፋል።

የሙቀቱ ነገር ሌላ ነው። የኢራ-5 ነጥቦች በየ0.25 ዲግሪው ናቸው፤ 9.50፣ 9.75 እያሉ ይሄዳሉ። ድሬዳዋ 9.60 ሰሜን፣ 41.85 ምሥራቅ ላይ ስለሆነች የሚቀርባት ነጥብ 9.50 በ41.75 ነው። ያ ነጥብ ከከተማው ወደ ደቡብ ምዕራብ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ ቁልቢና ቀርሳ በሚወስደው ደጋ በኩል ነው ያለው። እርስዎ የድሬዳዋን ሙቀት ሲጠይቁ የሚሰጥዎት የደጋውን ነው።

ይህን በዓይን ለማየት ፋይሉን በፓኖፕሊ ይክፈቱና ወደ ድሬዳዋ አጥብበው «ኢንተርፖሌት» የሚለውን ምልክት ያንሱ። ምልክቱ ሳይነሳ ካርታው እንደ ሐር ለስላሳ ነው፤ ሲነሳ ግን አካባቢው በጥቂት ትላልቅ ሳጥኖች ብቻ የተሞላ መሆኑ ይታያል። አንዱ ሳጥን ቁልቁለቱን፣ ደጋውንና ሜዳውን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይዟል።

ማስተካከያው ከላይ ለመምህርቷ ከሰጠነው ጋር አንድ ነው። «ጂኦፖቴንሻል» የሚባለውን የሞዴሉን ፋይል አውርደው ለ9.80665 ሲያካፍሉት ሞዴሉ ያ ቦታ ስንት ሜትር ከፍታ አለው ብሎ እንደሚያስብ ያገኛሉ። ለምሳሌ 1,700 ሜትር ካለና ጣቢያው 1,200 ላይ ከሆነ፣ የ500 ሜትር ልዩነት 3.25 ዲግሪ ነው፤ ይደምሩት። ወይም ኢራ-5 ላንድ የሚባለውን ይውሰዱ፤ ነጥቦቹ በየ0.1 ዲግሪው ስለሆኑ የ9.6 መስመር ከተማዋን ራሷን ያገኛታል። የዚያን የሰዓት ዝናብ ስትደምሩ ግን ተጠንቀቁ፤ ከዜሮ ሰዓት ጀምሮ እየተጠራቀመ የሚሄድ ነው። የዜሮ ሰዓቱ ቁጥር የትናንቱ ሙሉ ቀን ድምር ነው። 24ቱንም ብትደምሩ ዝናቡ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

«የደቻቱን ጎርፍ ለትምህርት ቤት ክበባችን በካርታ ለማሳየት ሐምሌ 30 ቀን 1998ን ወደ ኦገስት 6 ቀን 2006 ቀይሬ የሳተላይቱን ዝናብ አወረድኩ። የጠበቅሁት ዝናብ ካርታው ላይ የለም። ምን ሆኖ ነው?»
*ከድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ*

የቀን ልወጣዎ ትክክል ነው። የጠፋብዎት ሰዓቱ ነው። ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ያ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የመጣው ሌሊት ነው፤ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ። የሳተላይት ፋይሎች የሚቆጥሩት በግሪንዊች ሰዓት፣ ማለትም በዩቲሲ ነው። እኛ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። እኛ ዘንድ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት የዘነበው እዚያ ገና ትናንት ነው።

ለልወጣ የሚመች አቋራጭ እነሆ። በእኛ አቆጣጠር የቀን ሰዓት ከሆነ 3 ይደምሩ፤ ጠዋት 3 ሰዓት በዩቲሲ 6 ሰዓት ነው። የሌሊት ሰዓት ከሆነ 15 ይደምሩ፤ ቀኑን ግን ከመሸበት ዕለት ይያዙ። ለሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት፦ 7 ሲደመር 15፣ 22 ሰዓት፣ የመሸበት ዕለት ኦገስት 5። ስለዚህ የሚፈልጉት ፋይል የኦገስት 5 ነው። ድምሩ 24 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 24 ቀንሰው ወደሚቀጥለው ቀን ይሂዱ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት 26 ይሆናል፣ ማለትም ኦገስት 6፣ 2 ሰዓት።

የጣቢያ መዝገብ ደግሞ ሌላ ቀን አለው። የዝናብ መለኪያው የሚነበበው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። የሌሊቱ ዝናብ በማግስቱ ጠዋት ይነበብና አንዳንዱ መዝገብ በተነበበበት ቀን፣ አንዳንዱ በዘነበበት ቀን ይጽፈዋል። ያንኑ አንድ ዝናብ በሳተላይት ኦገስት 5፣ በጣቢያ ኦገስት 6 ላይ ቢያገኙት አይደንግጡ። ሁለቱን ለማስተያየት የሳተላይቱን ቀን በጣቢያው ቀን ይቁረጡት፦ ከዋዜማው 6 ሰዓት ዩቲሲ እስከ ዕለቱ 6 ሰዓት።

ለዚህ የሚሆነው አይመርግ የሚባለው የናሳ የሳተላይት ዝናብ መረጃ ነው፤ በየግማሽ ሰዓቱ፣ በ0.1 ዲግሪ። ከኦገስት 5፣ 6፡00 እስከ ኦገስት 6፣ 5፡30 ያሉትን 48 ፋይሎች ደምረው በ0.5 ያባዙ። ቁጥሩ «በሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር» ስለሆነ ለግማሽ ሰዓት ግማሹን ነው የሚወስዱት። 0.5ን የረሳ ጎርፉን በእጥፍ ያሳድገዋል። ዋናው ፋይል ኪውጂአይኤስ ላይ ሲከፈት ካርታው በጎኑ የተኛ ሊመስል ይችላል፤ ኬንትሮስ ከኬክሮስ ቀድሞ ስለተጻፈ ነው። በፓኖፕሊ ቢከፍቱት በትክክል ይቀመጣል፤ ወይም ጂኦቲፍ የሚባለውን ዓይነት ያውርዱ።

ቺርፕስ የተባለውን የዝናብ መረጃ ተጠቅመው ከሆነ ለአንድ ሌሊት አይሆንም። የሁለተኛው ቅጂ የቀን ፋይል የአምስት ቀን ድምር ወደ ቀናት ተከፋፍሎ የተሠራ ነው። ከ1981 ጀምሮ ያለ፣ በ0.05 ዲግሪ የተሠራ ጥሩ መረጃ ነው፤ ለወቅት፣ ለወርና ለአሥር ቀን ይጠቀሙበት።

የካርታውን ስፋት ከተማዋ ላይ ብቻ አያጥብቡ። ደቻቱን የሞላው ውኃ ከከተማዋ በስተደቡብ ካለው ደጋ የወረደ ነው። ከ9.3 እስከ 9.7 ሰሜን፣ ከ41.7 እስከ 42.1 ምሥራቅ ቢወስዱ 16 ሳጥን ያገኛሉ፤ እያንዳንዱ 120 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ሳጥኖቹን አያለስልሱ። በላያቸው የወንዙን መስመር ይጨምሩ፤ ልጆቹ ዝናብ ሌላ ቦታ ወርዶ ጎርፍ ሌላ ቦታ እንደሚደርስ ያን ጊዜ ያዩታል።

የሐምሌን ወር ድምር ከፈለጉ «ጁላይ» የሚለውን ፋይል አይውሰዱ። ሐምሌ ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ነው፤ 30ዎቹን የቀን ፋይሎች ይደምሩ። ሐምሌ ሁልጊዜ ጁላይ 8 ይገባል። ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉት ወራት ግን ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪን 29 ከሚያደርጉበት ዓመት በፊት በአንድ ቀን ይዘገያሉ፤ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 የሚውለው ያን ጊዜ ነው።

«ካርታዬ ላይ የቦታ ስሞችን በአማርኛ ስጽፍ አራት ማዕዘን ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ይሆናሉ።»
*ከድሬዳዋ ከዚራ*

ሳጥኑና የጥያቄ ምልክቱ የተለያየ በሽታ ናቸው። ሳጥን ከሆነ ጽሑፉ አለ፣ ፎንቱ ነው ፊደል የሌለው፤ ናያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይምረጡ። የፓይተኑ የሥዕል መሣሪያ ማትፕሎትሊብ ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣው ፎንት ግዕዝ ስለሌለው ሁልጊዜ መቀየር አለብዎት። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፊደሉ ከኤክሴል ሲወጣ ጠፍቷል፤ አይመለስም። እንደገና «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» በሚለው ያስቀምጡ፤ ተራውን «ሲኤስቪ» አይምረጡ።

ሼፕፋይል በሚባለው የካርታ ፋይል ዓይነት ላይ ደግሞ የዓምድ ስም ከ10 ባይት አያልፍም። የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ሦስት ፊደል ብቻ ይተርፋል፤ «የዝናብ መጠን» ያሉት ዓምድ «የዝና» ሆኖ ይቀራል። ጂኦፓኬጅ በሚባለው ዓይነት ቢያስቀምጡ ከዚህ ሁሉ ይገላገላሉ።

«የድሬ ልጅ ስለሆንኩ አንቱታውን ተዉልኝ። በመቶኛ የሠራሁት የዝናብ ካርታ ጃንዋሪን 300 በመቶ ብሎ ሰማያዊ፣ ኦገስትን 70 በመቶ ብሎ ቡናማ አደረገው። አለቃዬ ካርታውን አይቶ "ዘንድሮ በጋው ተትረፈረፈ" አለ።»
*ከድሬዳዋ ለገሃሬ*

እሺ፣ እንዳልክ። ስሌትህ አልተሳሳተም፤ ካርታው ግን አለቃህን አሳስቶታል። የጃንዋሪ መደበኛ ዝናብ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ አንድ ቀን 12 ሚሊ ሜትር ካካፋ 300 በመቶ ነው። ትርፉ 8 ሚሊ ሜትር፤ አቧራ አያጠፋም። ኦገስት ላይ መደበኛው 120 ሆኖ 84 ቢዘንብ 70 በመቶ ነው፤ የጎደለው 36 ሚሊ ሜትር ማሽላውን ፍሬ ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ መደበኛው ዝናብ ከተወሰነ መጠን በታች የሆነበትን ቦታ ሁሉ በግራጫ ሸፍነው። እኛ 10 ሚሊ ሜትርን ለወር ካርታ እንመርጣለን። መግለጫው ላይም «ደረቅ ወር፣ መቶኛ አልተሰላም» ብለህ ጻፍ። ከመቶኛው ጎን በሚሊ ሜትር የተሠራ የልዩነት ካርታ አስቀምጥ፤ አለቃህ መጀመሪያ እሱን ይይ።

ክፍፍሉን በሀገራችን የሜትዮሮሎጂ መግለጫዎች በተለመደው ሥራው፦ ከ50 በታች ከመደበኛ በጣም ያነሰ፣ ከ50 እስከ 75 ያነሰ፣ ከ75 እስከ 125 መደበኛ፣ ከ125 በላይ የበለጠ። ፕሮግራሙ ራሱ እንዲከፋፍል አትተወው። ለየወሩ የተለየ ክፍፍል ስለሚያወጣ አንዱ ወር ላይ አረንጓዴ የሆነው ሌላው ላይ ቢጫ ይሆናል፤ ካርታዎቹም አይነጻጸሩም። አንዴ በእጅህ አስተካክለውና «ሴቭ ስታይል» ብለህ አስቀምጠው፤ ለሌሎቹ ወራት እየጫንክ ተጠቀም።

ቀለሙም ቡናማ፣ መካከሉ ነጭ፣ ወዲያ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ይሁን። ቀስተ ደመናውን ተው። ካርታህ ወረዳ ሲደርስ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ይደረጋል፤ ያኔ የቀስተ ደመናው ቀይና ሰማያዊ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ከመላክህ በፊት አንዱን ቅጂ በግራጫ አትመህ እየው። ቡናማና አረንጓዴም ሁለቱ ጫፎች ላይ እኩል ስለሚጠቁሩ፣ በየክፍሉ ላይ ቁጥሩን በትንሹ ጻፍበት።

«የነፋስ ቀስቶቼ ሁሉ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ያመለክታሉ።»
*ከሐረር*

የጣቢያ መዝገብ የሚጽፈው ነፋሱ የሚመጣበትን ነው። 90 ማለት ከምሥራቅ የሚነፍስ ነው። የኪውጂአይኤስ ቀስት ግን 90 ሲባል ወደ ምሥራቅ ይዞራል። በ«ሮቴሽን» ቦታ ላይ ከአቅጣጫው ዓምድ ጋር 180 ይደምሩ። በመዝገቡ ሰሜን 360 ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ 0 ከ0 ፍጥነት ጋር ካለ ነፋስ አልነበረም ማለት ስለሆነ ቀስት አይሣልለት። የወር አማካይ አቅጣጫ ለማውጣት ዲግሪዎቹን ደምረው እንዳያካፍሉ። 350 እና 10 ሁለቱም ከሰሜን ናቸው፤ ሲማከሉ ግን 180 ሆነው ነፋሱን ከደቡብ ያመጡታል። እያንዳንዱን መጀመሪያ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ድርሻ ይከፋፍሉ፣ ድርሻዎቹን ያማክሉ፣ ከዚያ ወደ አቅጣጫ ይመልሱ።